ሁለተኛው ዓይን

ነሐሴ 18 ቀን 1973 ዓ.ም.፣ ቡሬ

መስመር ማቅናትን፣ ቀለም መበጥበጥን፣ ከሁሉም በላይ እውነትን ሳያጥፉ መናገርን ላስተማሩኝ ለመምህሬ ለአለቃ ወልደ ሥላሴ። ይህን የምጽፈው ለነፍስ አባቴም አይደለም፤ ለልጆቼም አይደለም፤ ለእርስዎ ነው። ካረፉ አራተኛ ዓመትዎ እንደሆነ፣ መልስ እንደማይልኩልኝም አውቃለሁ። ነገር ግን በፍርድ ወንበር ልቀመጥ ነው። በፍርድ ወንበር የሚቀመጥ ሰው በላዩ የሚመረምረው ሊኖር ይገባል፤ በሕይወት ካሉት መካከል ግን እኔን ሊመረምር የሚችል አላገኘሁም። ይህን በትዕቢት አልጻፍሁትም፤ ፈልጌ ነው ያጣሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለአብዮቱ ሰባተኛ በዓል ፍኖተ ሰላም ላይ የእጅ ጥበብ ትርኢት ይደረጋል። ከየወረዳው ስፌት፣ ሸክላ፣ ሽመናና ሥዕል ተሰብስቦ ይወዳደራል። በሥዕል አንደኛ የወጣው በመንግሥት ወጪ አዲስ አበባ ሄዶ ሥዕል ይማራል። ከዳኞቹ አንዱ እንድሆን ተጠርቻለሁ። መልእክተኛው «የአገር ሽማግሌ ሆነው ነው» አለኝ።

«ሽበቴን ነው የፈለጋችሁት ወይስ እውቀቴን?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ሁለቱንም ይዘው ይምጡ» ብሎ ሳቀ። ሳቁን አልወደድሁለትም።

ባለቤቴ ወለተ ሥላሴ ነገሩን ስነግራት ጥጧን መፍተሏን ሳታቋርጥ፣ «አንቱ እንደሁ የታየዎን ሳይናገሩ አያድሩ» አለች።

«እውነት ልናገር አይደለምን የተጠራሁት?»

«እንጃ። ለመቀመጥ ይሆናል የተጠሩት።»


ነሐሴ 23

ዝናብ። ማኅሌት ቆሜ ዋልሁ። ጋቢዬ ታጥቦ አልደረቀም።

ከቅዳሴ በኋላ ዲያቆናቱ ሲያወሩ ሰማሁ። ደርበው ሥዕል ያቀርባል አሉ።


ነሐሴ 24

ደርበውን እርስዎም ያስታውሱታል። የባልቴቷ የወይዘሮ ገላነሽ ልጅ፣ ወገኑ አዊ የሆነ፣ ሲመጣ አማርኛው ገና የሚኮላተፍ። ከእኛ ዘንድ ቀለም እየፈጨ አደገ። የሚካኤልን ቤተ መቅደስ ግድግዳ ስንሠራ፣ የክንፉ ላባ ላይ ስደርስና እጄ ሲዝል ብርዑን የምሰጠው ለእርሱ ነበር። የእኔ ላባ የቱ፣ የእርሱ የቱ እንደሆነ ዛሬ ለይቶ የሚያውቅ የለም፤ እኔም አልፎ አልፎ እጠራጠራለሁ።

የመሬት አዋጅ በታወጀ ዓመት ትቶኝ ሄደ። ቡራኬ አልተቀበለም። ጠዋት ስነሣ ቀለም መፍጫው ድንጋይ ታጥቦ በቦታው ተቀምጦ ነበር፤ እርሱ ግን አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ፍኖተ ሰላም ላይ የቀበሌ ምልክትና መፈክር ይጽፋል። ክንፍ ይሥል የነበረ እጅ «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» ይጽፋል።

ቂም የለኝም። ስለ እርሱ ካሰብሁ ብዙ ጊዜ ሆኖኛል።


ነሐሴ 29፣ ፍኖተ ሰላም

በጭነት መኪና መጣሁ። ማንኩሳ ላይ ጭቃ ያዘንና ወርደን ገፋን። ከዘመድ ቤት አርፌያለሁ።

የዳኞቹ ሰብሳቢ ጓድ እጅጉ የሚባል ካድሬ ነው። ወጣት፣ ንጹሕ ልብስ ለባሽ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ጢሱ እንዳይደርስብኝ ሲጋራውን ወደ ውጭ እየወጣ ያጨሳል። ከእርሱ ጋር የትምህርት ቤቱ መምህር ተስፋውና ከሴቶች ማኅበር የመጣችው ወይዘሮ ንግሥቴ አሉ። ጓድ እጅጉ «እንኳን ደህና መጡ፣ ጓድ መሪጌታ» ብሎ እጄን ጨበጠ። ጓድና መሪጌታ በአንድ ስም ላይ ሲጫኑ እንደ ሁለት ኮርቻ ይሆናሉ፤ በቅሎውን ማንም አልጠየቀውም።

የፍርዱን ሥርዓት ነገረን። ከሁሉ አስቀድሞ ይዘት ይታያል፤ ቅርፅ ከዚያ በኋላ ይመጣል። «ሥራው ምን ይላል? ለማን ይላል? የሚለው ከታወቀ በኋላ እንዴት አለው ብለን እንጠይቃለን» አለ።

«ሰው ሲዘምር መጀመሪያ የሚሰማው ድምፁ ነው» አልሁ። «ድምፁ የተሰበረ ሰው ምሥጋናም ቢያቀርብ ጆሮ ያስይዛል።»

መምህር ተስፋው ወደ ጫማው ተመለከተ። ጓድ እጅጉ በትሕትና «ሐሳብዎ ተመዝግቧል» አለ። የሚመዘግብ ሰው ግን አላየሁም።


ጳጉሜን 2

ዛሬ ስፌት ነበረ። ይህን ልጽፍልዎ ይገባኛል፤ ቢሰሙት ደስ ይልዎ ነበር።

ከወደ ሊበን የመጣ አንድ ሌማት ነበር፤ ምንም ጌጥ የሌለው፣ ስንደዶው እንደ ሸማ የጠበቀ። ከጎኑ ደግሞ በቀይ አክርማ ማጭድና መዶሻ የተሰፋበት ትልቅ ሌማት ቆሟል። ሦስቱም ወዲያው ወደ ቀዩ ሄዱ። እኔ ዳሰስሁት። አክርማውን ለመፈክሩ ሲሉ ስበው አላልተውታል።

«ሌማቱ የላላ ነው» አልሁ።

ወይዘሮ ንግሥቴ «መሪጌታ፣ እርስዎ ደግሞ ስፌት መቼ ሰፉ?» አለች።

«አልሰፋሁም እመቤቴ፤ በልቼበታለሁ።»

ከበሩ አጠገብ እህል ከሚሸጡት አንድ እፍኝ ጤፍ አስመጣሁና ከሌማቱ ጨመርሁ። አነሣሁት። ጤፉ ከማጭዱ ስለት ላይ እንደ ውኃ ፈሰሰ። ያልጌጠውን ሌማት አነሣሁ፤ አንዲትም አልወደቀችም። አዳራሹ ሙሉ ሰው ሳቀ። አንድ ባላገር ከኋላ «እንዴ! ማጭዱ ገና ሳይታጨድ አፈሰሰው!» ብሎ ጮኸ፤ ደግመው ሳቁ።

ጓድ እጅጉ አልሳቀም። ቀዩ ሌማት አንደኛ ወጣ። መልካም፤ ነገር ግን ሕዝቡ ማን እንደፈረደ ያውቃል። ወደ ማደሪያዬ ስመለስ የማላውቃቸው ሰዎች ከመቀመጫቸው እየተነሡ እጅ ነሡኝ። ክብሩን አልፈለግሁትም፤ ቢሆንም ተገቢ ነበር።


ጳጉሜን 3፣ ሩፋኤል

ሰው ሁሉ በዝናቡ ሲጠመቅ ዋለ። እኛ አዳራሽ ውስጥ ነበርን። ሥዕል ነበር።

የደርበው ሥዕል በሰፊ አቡጀዲ ላይ የተሠራ ነው። ስሙ ሳይነበብ አወቅሁት። ከእርስዎ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እርሱ የተላለፈው መስመር ነው፤ ከትከሻ ጀምሮ ሳይነሣ እስከ ተረከዝ የሚወርደው። ጣቴ ሳላዘው መስመሩን በአየር ላይ ተከትሎ ወረደ። ይህን ለማንም አልተናገርሁም፤ ለእርስዎ ግን እናገራለሁ።

በመካከል ገበሬዎች ቆመዋል፤ ሞፈር ቀንበር የተሸከሙ፣ ልጅ ያዘሉ። ፊታቸው ሙሉ ነው፤ ዓይኖቻቸው ሰፋፊ ሆነው ተመልካቹን ያያሉ። በግራ በኩል ባለርስቱ በበቅሎ ይሸሻል፤ በጎን የተሣለ ነው። በቀኝ በኩል ጓዶች ባንዲራ ይዘው ይመጣሉ፤ እነርሱም በጎን ተሥለዋል፤ በአዳራሹ በር ላይ እንደተሰቀሉት ሦስቱ ጺማም ፈረንጆች። ባለርስቱ ልጓሙን የጨበጠበት እጅና ጓዱ ባንዲራውን የጨበጠበት እጅ አንድ ዓይነት እጅ ነው። ይህ ገርሞኝ ነበር፤ ያ ልጅ እጅ መደጋገም አይወድም ነበርና።

ሦስቱም አጨበጨቡ። ጓድ እጅጉ «ይዘት ማለት ይህ ነው» አለ። ወደ እኔ ዞሮም፣ «ዛሬስ ጤፍ አያስፈልግዎትም መሰለኝ፣ ጓድ መሪጌታ» አለ። ሰው ሳቀ። በዚህ ጊዜ የተሳቀው በእኔ ላይ ነበር።

እንግዲህ የተናገርሁት ይህ ነው። «በይዘት እንፍረድ ካላችሁ እሺ፣ በይዘት እንፍረድ። በአባቶቻችን የሥዕል ሕግ ጻድቅ በሙሉ ፊት፣ በሁለት ዓይን ይሣላል። ይሁዳ፣ ሰቃዮቹ፣ ሰይጣንም በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ፤ ከእኛ ጋር ዓይን ለዓይን እንዳይተያዩ ነው። ገበሬዎቹ ልክ ናቸው። ባለርስቱ ልክ ነው። ጓዶቹ ግን ከባለርስቱ ጋር አንድ ዓይን ተሰጥቷቸዋል። ሠዓሊው ሕጉን ስቷል፤ ስለዚህ አንደኛ ሊሆን አይገባውም።»

ከውጭ በዝናቡ የሚጠመቁት ልጆች ጩኸት ይሰማ ነበር።

ጓድ እጅጉ ሥዕሉን እንደገና፣ ቀስ ብሎ ተመለከተው። «ወይም አልሳተ ይሆናል» አለ።

ደርበውን አስጠሩት። ገባ፤ ጺም አውጥቷል። ለእኔ እጅ ነሣ፤ ከዚያ በኋላ ግን አልተመለከተኝም። ለምን አንድ ዓይን እንደሰጣቸው ተጠየቀ። «ከበሩ ላይ ካሉት አይቼ ነው፣ ጓድ። እነርሱም በጎን ናቸው» አለ። መልካም መልስ ነበር።

ከዚያ ወሰዱት። ለማጣራት ነው አሉ።

እውነት ነው የተናገርሁት። ከጻፍሁት ቃል አንዱም ሐሰት የለበትም።


መስከረም 1 ቀን 1974

ሽልማቱ ለሌላ ተሰጠ፤ የትራክተር ሥዕል ነው። ትራክተሩ አራት ጎማ አለው፤ ሦስቱ መሬት አልነኩም።

ነገ በዓሉ ነው። አልቆይም። መኪና አገኘሁ።


መስከረም 6፣ ቡሬ

ደርበው አልተፈታም። ለማጣራት ይህን ያህል ጊዜ ምን ያስፈልጋል?

ወለተ ሥላሴ አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። ራት አቀረበች፣ እጅ አስታጠበች። ዝም ያለች ሴት በቤት ውስጥ እንደተቀመጠ ዳኛ ናት።


መስከረም 10

ገበያ ላይ ጨው ስገዛ ከጀርባዬ አንዱ «ዓይን ቆጣሪው መጣ» አለ። ሌላው «ዝም በል፣ ያንተንም ይቆጥርልሃል» አለው። ዞር ስል ሁለቱም በልጅነታቸው ፊደል ያስተማርኋቸው ናቸው። እጅ ነሡኝ።

እውነት ተናገርሁ። ሌባ ያየ ሌባ አየሁ ይላል። የተሳተ መስመር ያየስ?


መስከረም 16

ደመራ። ምርኩዜን ረስቼ ወጣሁ።


መስከረም 19

መምህር ተስፋው ለመስቀል ወደ ዘመዶቹ መጥቶ ሊጠይቀኝ ገባ። ጠላ ቀረበለት። ስለ ዝናቡ፣ ስለ አተር ዋጋ ካወራ በኋላ እንዲህ አለ፦

«መሪጌታ፣ እኔ ስለ ዓይኑ የተናገሩትን አልወቅስዎም። እሱ እንኳ ያልፍ ነበር። በሩ ላይ ያሉት በጎን ናቸው ሲል ጓድ እጅጉ ራሱ ሊስቅ ነበር፤ አይቸዋለሁ። የኋለኛውን ግን ምነው ቢተዉት?»

ወለተ ሥላሴ ከጓዳ ደጃፍ ቆማ ነበር። «የኋለኛው ምንድን ነው?» አለች።

ተስፋው ወደ እኔ ተመለከተ። ከዚያም ራሱ ነገራት።

በጳጉሜን ሦስት ማስታወሻዬ ያልጻፍሁት አለ። የዘለልሁት ለማሳጠር ነበር። ደርበው ስለ በሩ ሥዕሎች ከመለሰ በኋላ ጓድ እጅጉ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ይህ ሰው የእርስዎ ተማሪ ነበር አሉ። ይህን ሕግ አስተምረውታል?» አለኝ። «አስተምሬዋለሁ» አልሁ። «ሊረሳው ይችላል?» አለ።

እኔም «እኔ ያስተማርሁትን ማንም አይረሳም» አልሁ።

ይህም እውነት ነው። በሐሰት ምን እንድል ኖሯል? እርስዎ ከእኔ ዘንድ የተከሉትን፣ እኔም ከእርሱ ዘንድ የተከልሁትን፣ ነፋስ ይወስደዋል ልበል? የአንድ መምህር ዕድሜ ሙሉ ድካም ተረሳ ልበል?

ተስፋው ጠላውን ሳይጨርስ ሄደ።


መስከረም 21

ወለተ ሥላሴ ዛሬ ተናገረች። ሸማ እያጠፈች፣ ሳታየኝ፦ «‹አረጀሁ፣ በደንብ አላስተማርሁት ይሆናል› ቢሉ ምን ይጎድልብዎ ነበር?»

«ሐሰት ይሆን ነበር።»

«አዬ አንቱ! እርጅናውስ ሐሰት አይደለም።»


መስከረም 27

ይህን በቁጣ ነው የምጽፈው።

የደርበው እናት ወይዘሮ ገላነሽ ከማለዳ ጀምራ ወደ ደጄ መጣች። ትልቅ ድንጋይ በማጅራቷ ተሸክማ፣ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ጎንበስ ብላ ቆመች። በደለኛ ይቅርታ ሲለምን እንደሚመጣ መጣች። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ያያል።

«እመት ገላነሽ፣ ምን አድርገሽ ነው ድንጋይ የምትሸከሚ? ጣይው!» አልሁ።

«ምሬሻለሁ ይበሉኝ።»

«ምን በደልሽኝ?»

«እኔ አይደለሁም የኔታ። ልጄ ሳይመረቅ፣ ሳይሰናበት፣ እንደ ሌባ ወጥቶ ሄደብዎ። እርስዎም ይህን ሁሉ ዘመን ችለው ኖሩ። ሰው ነዎት፤ ቢያዝኑ አይፈረድብዎም። ቀጥተውታል፤ በቃው። አሁን ይማሩልኝና ይፍቱልኝ።»

«እኔ አላሰርሁትም! ቂምም የለኝም! የተናገርሁት የሥዕል ሕግ ነው!»

«እኔ የሥዕል ሕግ አላውቅም የኔታ» አለች፤ ድንጋዩ ከማጅራቷ ላይ ተንሸራተተና አስተካከለችው። «ይታረቁኝ ብዬ ነው የመጣሁ።»

ካልማርሁ ድንጋዩ አይወርድም። ማርሁ ካልሁ ደግሞ ቂም ነበረኝ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ወጥመድ ሊቅም አይሠራው። ወለተ ሥላሴ ከኋላዬ መጥታ ራሷ ድንጋዩን ከሴትዮዋ ማጅራት አወረደችው። «ተምረሻል እኅቴ፤ ግቢ» አለቻት። በእኔ ደጅ፣ በእኔ ስም፣ ሳልናገር።

ወይዘሮ ገላነሽ እልፍኝ ገብታ ተቀመጠች። ለራሷ በአዊኛ አንድ ነገር አለች፤ አልተረጎመችልንም።

ድንጋዩ አሁንም ከደጄ ነው። የሚያነሣው ሰው አልተገኘም፤ እኔም አላዘዝሁም።


ጥቅምት 2

የጽጌ ማኅሌት። ሰው ሁሉ መጣ። ከእኔ ጎን ግን የሚቆም ዘንድሮ የለም፤ ወደ ግራ ወገን ተጠጋግተው ቆሙ። ብቻዬን መራሁ። ድምፄ ለራሴ ሻከረኝ።

ቂም የለኝም። ቂም የለኝም ብሎ ደጋግሞ የሚጽፍ ሰው ቢመጣልኝ ምን እለው ነበር? ተማሪ ቢሆን አቁሜ እጠይቀው ነበር።


ጥቅምት 7

ቅዳሴው አልቆ ሰው ሲወጣ ወደ ቤተ መቅደሱ ግድግዳ ሄድሁ። ማንም እንዳያየኝ አልተደበቅሁም፤ ሰው ግን አልነበረም።

ስቅለቱን ተመለከትሁ፤ የእርስዎን እጅ። ሰቃዮቹ በጎን ናቸው፤ እንደ ሕጉ። ጎኑን በጦር የወጋው ጭፍራ ሌንጊኖስም በጎን ነው፣ አንድ ዓይኑ ጠፍቶ። ነገር ግን ከጌታ ጎን የወጣችው የደም ነጠብጣብ ወደ ጉንጩ ስትወርድ ሥለዋታል። ገና አልነካችውም። ስትነካው ይበራለታል፤ ስለ ጌታም ይሞታል፤ ቅዱስ ነው። እርስዎ ግን ገና ሳይበራለት ሣሉት፤ ስለዚህም ቅዱሱ በአንድ ዓይን ቆሟል።

እኔ ከሥር ቆሜ ቀለም አቀብልዎ ነበር። «መምህር፣ ይህስ ቅዱስ አይደለምን?» ብዬዎት ነበር። እርስዎም «ነው፤ ግን አልደረሰም። ሰውን ገና ሳይደርስ አይተህ አትጨርሰው» ብለውኝ ነበር።

ይህን ለደርበው አላስተማርሁትም። ከእኔ ዘንድ ጠፍቶ ነበር።

ነገ ፍኖተ ሰላም እሄዳለሁ። ሐሰት ልናገር አይደለም። በእኔ ዘንድ የጎደለ ሕግ ስለተገኘ ነው።


ጥቅምት 8፣ ፍኖተ ሰላም

ጓድ እጅጉ በአክብሮት ተቀበለኝ፤ ሻይ አስመጣልኝ። ስለ ሌንጊኖስ ነገርሁት። በአንድ ዓይን የሚሣል ሁሉ ክፉ አይደለም፤ ገና እየመጣ ያለም በአንድ ዓይን ይሣላል፤ ጓዶቹም እየመጡ ነው፤ ስለዚህ ሠዓሊው አልበደለም አልሁት።

እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። «እንግዲህ እንደ እርስዎ ቃል እኛ ገና ያልበራልን ነን» አለ።

ሲኒውን ከፊቴ ገፋ አደረግሁ። እርሱም ፈገግ አለ።

«ጓድ መሪጌታ፣ እኔ ይህን ሰው ማሰር አልፈለግሁም ነበር። ሥዕሉን ወድጄው ነበር። ነገር ግን በሙሉ አዳራሽ ፊት፣ እንደ እርስዎ ያለ የተከበረ ሊቅ፣ ሊረሳ አይችልም ሲል፣ እኔ ምን ላድርግ? ሰምቼ ዝም ብል እኔስ ነገ የት እሆናለሁ?»

ድምፁን ሳያነሣ ቀጠለ። ሥዕሉ ይታረም። ለጓዶቹ ሁለተኛ ዓይን ይደረግላቸው። ሠዓሊው በገዛ እጁ ያርማል፤ ሕጉን የማውቀው እኔ በመሆኔ ቆሜ እመራለሁ። ከዚያ ይፈታል። የአዲስ አበባው ትምህርት ግን አይታሰብም።

«በጎን በተሣለ ፊት ላይ ሁለተኛ ዓይን ቦታ የለውም» አልሁ። «ፊቱ ይበላሻል። እንዲህ ያለ መስመር በዚህ አገር ሌላ ሰው የለውም።»

«ጎደለ ያሉት እርስዎ ነዎት» አለ። «እኔማ ጎዶሎነቱን አላየሁም ነበር።»

ሻዩን አልጠጣሁትም።


ጥቅምት 9

ነገ ጠዋት ይሆናል። መልስ ስጥ ተባልሁ፤ እሺ አልሁ።

እርስዎ ቢሆኑ እሺ ይሉ ነበርን?


ጥቅምት 10

ደርበውን ከአዳራሹ በስተጀርባ ካለችው ክፍል አመጡት። ከስቷል፤ ጺሙ ተላጭቷል፤ እጆቹ ግን ደህና ናቸው። መጀመሪያ ያየሁት እጆቹን ነው። ቀለም ሰጡት። አንድ ጠመንጃ የያዘ ዘበኛ በር ላይ ቆሞ ቆሎ ይበላል።

«የት ላድርገው፣ የኔታ?» አለ።

በድምፁ ውስጥ ንዴት ፈለግሁ፤ አልነበረም። እንደ ልጅነቱ ነበር የጠየቀኝ።

ጣቴን አነሣሁ። ከመጀመሪያው ጓድ አፍንጫ ሥር፣ ጉንጩ ካበቃ በኋላ፣ ፊት ከሌለበት ቦታ አመለከትሁት። በዚያ ሣለው። ከዚያ የሚቀጥለውን። ከዚያ የሚቀጥለውን። እያንዳንዱ ዓይን በራሱ ያማረ ነበር፤ የደብራችን ዓይን፣ ሰፊ፣ ጥቁር፣ ሽፋሽፍቱ አንድ መስመር የሆነ። ዓይኖቹ ባማሩ ቁጥር ፊቶቹ እየከፉ ሄዱ። የሰው ፊት መሆናቸው ቀርቶ ከውኃ የወጣ ዓሣ መሰሉ። ከትከሻ እስከ ተረከዝ የሚወርደው መስመር ግን አሁንም ከሥራቸው ነበር፤ እንደ ቀና ሰው ቆሞ።

ዘበኛው ቆሎውን ማኘክ ትቶ ተመለከተ። «አሁን ተበላሸ» አለ፤ ለማንም ሳይሆን። ለይዘትም ለቅርፅም አልተጠራም፤ ከእኛ ሁሉ የተሻለ ፈረደ።

መጨረሻው ጓድ ዘንድ ሲደርስ፣ ባንዲራውን በባለርስቱ እጅ የያዘው ዘንድ፣ ደርበው ብሩሹን አነሣና ቆመ። ባለርስቱን አየ፤ ጓዱን አየ። እኔም ሁለቱን እጆች አየሁ። እጅ መደጋገም የማይወደው ልጅ! በጳጉሜን ገርሞኝ ነበር ብዬ ጽፌ ነበር። ገርሞኝ ነበር፤ ነገር ግን ወደ ውስጡ አልገባሁም፤ ለመናገር ቸኩዬ ነበርና።

ጓድ እጅጉ መጥቶ አየ። ለረጅም ጊዜ አየ፤ ደስ ያለውም አልመሰለኝም። «ይበቃል፤ ፍቱት» ብሎ ወጣ።

ወደ ቡሬ የሚሄደው መኪና እስኪሞላ ድረስ ከመንገዱ ዳር፣ ከጋሪዎቹ አጠገብ ቆምን። እናቱ እንደምትጠብቀው፣ ድንጋይ ተሸክማ እንደመጣች ነገርሁት። ድንጋዩ አሁንም ከደጄ እንዳለ ነገርሁት። ስመለስ እኔ ራሴ አነሣዋለሁ አልሁ። ከዚያ ልናገረው የምፈልገውን ሌላ ነገር ልጀምር ስል ጉልበቴን ሳመ፤ ያን ጊዜ ሳይቀበል የሄደውን ቡራኬ ጠየቀኝ። እጄን በራሱ ላይ አኖርሁ።

ሲነሣ ዘበኛ አለመኖሩን ዘወር ብሎ ተመለከተ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይህን አለኝ፦

«የኔታ፣ ሥዕሉን የጀመርሁ እርስዎ ዳኛ እንደሚሆኑ የሰማሁ ዕለት ነው። ከዚያ አዳራሽ ሥዕሉን ማንበብ የሚችል ከእርስዎ በቀር ማንም አልነበረም። ለእርስዎ ነበር የሣልሁት፤ ጮኸው ያነቡታል ግን አላልሁም።»